አረንጓዴ ጥፍር ቀለም ለአውሮፕላን

ባለፈው ቅዳሜ ጓደኛዬን አጅቤ ሲቀላ ሰፈር፣ መናኸሪያው አጠገብ ያለ የውበት ሳሎን ገባሁ። እሷ ጥፍሯን ልታሠራ እጇን ዘርግታ ተቀምጣለች፣ እኔ ስልኬን እጎረጉራለሁ። ሠራተኛዋ የአሴቶኑን ጠርሙስ ስትከፍት ሽታው አፍንጫዬን ወጋኝና ሳላስበው ፈገግ አልኩ። «ምን ያስቅሻል?» አለችኝ ጓደኛዬ። ምን ብዬ ልንገራት? ለኔ አሴቶን የጥፍር ሽታ አይደለም፤ የጦር አውሮፕላን ሽታ ነው። አስራ ስምንት ዓመት ያልሞላት ልጅ ምን ትዝታ አላት የሚል ካለ ይበል፤ እኔም የራሴ ዘመን አለኝ፣ እሱም አልፏል።

በዚያ ዘመን ገበያው ጫፍ ላይ አንዲት የቆርቆሮ ሱቅ ነበረችን። መንገዱ ኮብልስቶን ሊነጠፍበት ተቆፋፍሮ ባጃጆቹ እንደ ፌንጣ እየዘለሉ ነበር የሚያልፉት። ከታችኛው ሰፈር ከሲቀላ ወደ ላይኛው ሴቻ ለመውጣት ሁለት ብር ሰጥቶ መልስ የሚጠብቅ ሰው ነበር፤ ዛሬ ባጃጅ ላይ መልስ የጠየቀ እንደ ጠበኛ ይታያል። ሴቶቹ ጥብቅ ሱሪ ላይ እስከ ጉልበት የሚወርድ ሹራብ ይለብሱና የእጅ አምባር የሚያክል ሎቲ ያንጠለጥላሉ። ወንዶቹ ሁለት ሲም የሚይዘውን የቻይና ስልክ ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከትተው ሙሉ ድምፅ ይለቁታል። አንዱ ሱቅ የጀመረውን ዘፈን ቀጣዩ ከመሃሉ ይቀበለው ስለነበር፣ ከመናኸሪያ እስከ ገበያ በእግሩ የሄደ ሰው አንድ ዘፈን ሳይቋረጥበት ሰምቶ ይጨርሳል። ከኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዝ የጫኑ ጋሪዎች በሱቃችን በር ያልፋሉ፤ አባዬ ያንን ሙዝ በአይሱዙ ጭኖ አዲስ አበባ ስለሚመላለስ ቤት የሚያድረው አልፎ አልፎ ነበር። ሱቁን የያዙት እናቴና ታናሽ እህቷ ብርቄ ናቸው። ሳሙና፣ ሻማ፣ ማበጠሪያ፣ የፀጉር ቅባት እንሸጣለን። ጥፍር ቀለምም አለን፣ አንዷ ብልቃጥ በአምስት ብር። ቀዩና ሮዙ ከመምጣቱ ያልቃል። ጥቁር አረንጓዴውና የአመድ መልክ ያለው ግን ነጋዴው ጎትጉቶ ካሸከመን ጀምሮ አቧራ ጠጥቶ ተቀምጧል።

እናቴ ስትጠረጥር ለጉድ ነው። ዕንቁላል ፀሐይ ላይ አንስታ ሳታይ አትገዛም፤ ፈገግ ያለ ደንበኛ ከመጣ ብሩን ሁለቴ ታገላብጣለች። ምክንያት አላት። ብርቄን የወለደቻት አያቴ ብትሆንም ያሳደገቻት እናቴ ናት። አያቴ ስትሞት ብርቄ ገና የወተት ጥርሷን አልነቀለችም ነበር፤ እናቴ ከጨንቻ ደጋ አዝላት ወርዳ ነው እዚህ ያስተማረቻት። ስለዚህ ብርቄን ቀና ብሎ ያየ ወንድ ሁሉ ለእናቴ ተጠርጣሪ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት ቀጭን፣ መነጽር ያደረገ ልጅ እግር ሰውዬ መጣ።

«ማዘር፣ አረንጓዴው ስንት ነው?»

«የቱ አረንጓዴ?»

«ያ የወታደር ልብስ የሚመስለው። ግራጫውንም ጨምሪልኝ።»

ማዘር መባሉ ብቻ እናቴን አጨማተራት፤ ያኔ አርባ እንኳ አልሞላትም። ብልቃጦቹን በጨርቅ እየጠረገች «ለማን ነው?» አለችው።

«ለአውሮፕላን።»

እናቴ መልሱን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችለት። ሰውዬው አመስግኖ ሲሄድ ወደ ብርቄ ዞረች። «ሰማሽው? ፊቴ ቆሞ ለአውሮፕላን ይለኛል!»

«እየቀለደ ነው እትዬ፣» አለች ብርቄ እየሳቀች።

«እየቀለደ ከሆነ ራሱ ለምን አልሳቀም?»

ከዚያ ወዲያ ስሙ ባለ አውሮፕላኑ ሆነ። የመድኃኒት ቤቷ ልጅ ስሪንጅ ከሷ እንደገዛና መርፌውን ነቅሎ ጥሎ ቱቦውን ብቻ ይዞ እንደሄደ ነገረችን። ጎረቤታችን ደግሞ ወደ ኤርፖርቱ በሚወስደው መንገድ ዳር ቆሞ ሰማይ ሰማይ ሲያይና ወረቀት ላይ ሲጭር አየሁት አለች። እናቴ ሁሉንም ታዳምጥና «እህ» ትላለች። የእናቴ «እህ» ከሌላ ሰው ስድብ ይከብዳል። ባለ አውሮፕላኑ ግን መምጣቱን አልተወም። አምስት ብልቃጥ በአንዴ መግዛት ሲችል በየሁለት ቀኑ አንድ አንድ ይገዛል፤ ብርቄም እሱ የሚመጣባቸውን ቀኖች ታውቃለች መሰለኝ፣ ትልልቁ ሎቲ ከጆሮዋ አይጠፋም። ስሙ ሄኖክ እንደሆነ፣ ከቢሾፍቱ መጥቶ ዩኒቨርሲቲ ላብራቶሪ ውስጥ እንደሚሠራ ያወቅነው በኋላ ነው። እናቴ ይህን የሰማችው ብርቄ አንገቷን ደፍታ «ሽማግሌ ሊልክ ነው» ያለቻት ዕለት ነበር።

እናቴ አልጮኸችም። «እኔ ሳላጣራው እሺ አልልም፣» አለች። ብርቄም «አንቺ እንቢ ካልሽ እኔም እንቢ ነኝ እትዬ» አለቻት። የምሯን ነበር። አንሶላዋን ተሸፋፍና ስታለቅስ ያየኋት እኔ ነኝ፣ አንድ አልጋ ላይ ስለምንተኛ።

ለማጣራቱ ሥራ የተመረጥኩት እኔ ነኝ። «ብርቄ ልትጠይቀው ስትሄድ አብረሻት ትሄጃለሽ፣» አለችኝ እናቴ። «እዚያ ዓይንሽን ከፍተሽ አፍሽን ትዘጊያለሽ። ቤት ስትመለሺ አፍሽን ትከፍቻለሽ።» ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ እንዲህ ያለ ክብር አግኝቼ አላውቅም።

ሄኖክ የተከራየው ሴቻ ነበር፣ ከግቢው በር ላይ የአባያ ሐይቅ ሰፍቶ ቡናማ ሆኖ ይታያል። ብርቄና እኔ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ደፉ ላይ በርጩማ ተሰጠን፤ እሱ ውስጥ ጠረጴዛው ላይ እየሠራ ያጫውተን ጀመር። እኔ አልተጫወትኩም፣ እያየሁ ነበር። የአሴቶኑ ሽታ ዓይን ያስለቅሳል። ጠረጴዛው ላይ የጥፍር ሞረድ፣ ወረንጦ፣ ምላጭ፣ የዓይን ኩል ብሩሽ ተደርድሯል። ወንድ ብቻውን የሚኖርበት ቤት ነው! በጠራራ ፀሐይ ሻማ አብርቷል፤ ፕላስቲክ ሻማው ላይ አሙቆ እንደ ክር ይመዝዘዋል። ነጭ ፎጣ የለበሰ ነገር ጥግ ላይ አለ። ከሁሉ የባሰው ግን በግራ እጁ የያዘው ነው። መርፌ ይዟል፣ መርፌው ጫፍ ላይ ደግሞ ባቄላ የሚያክል ሰው ተሰክቷል። እጅና እግር አለው። ሄኖክ ትንፋሹን ውጦ ፊቱን ይቀባዋል።

ይሄ አልበቃ ብሎ ቀና አለና «ብርቄ፣ አንድ ፀጉር ትሰጪኛለሽ? ረጅሙን» አላት። እሷም ነቅላ ሰጠችው! ያውም እየሳቀች።

ቤት እስክደርስ እንዴት እንደቻልኩ አላውቅም። እናቴ የሰውዬውን ነገር ስትሰማ አማተበች፤ ፀጉሩ ጋ ስደርስ የያዘችው ሰፌድ ከእጇ ወደቀ። በኛ ቤት ከማበጠሪያ የወጣ ፀጉር ሜዳ ላይ አይጣልም፤ ተጠቅልሎ ይቃጠላል ወይ ግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ይወተፋል። ማን እጅ እንደሚገባ፣ ምን እንደሚደገምበት አይታወቅማ። «ፀጉርሽን በእጅሽ ነቅለሽ ሰጠሽው?» አለቻት ብርቄን። «አንቺ ልጅ፣ ምን አብልቶሽ ነው?» ማታውኑ ጠበል አጠጣቻት። ጠዋት ሱቁን ዘግታ ነጠላዋን አጣፍታ እኔን በእጄ ይዛ ባጃጅ ውስጥ ገባች። ብርቄ ከኋላ በሌላ ባጃጅ ተከተለችን።

«ሰውዬውን አውጣ!» አለችው ገና በሩ ላይ ቆማ።

«የቱን ሰውዬ?»

«በመርፌ የወጋኸውን!»

ሄኖክ መጀመሪያ ገባው አልገባው አላውቅም፤ ቀስ ብሎ ነጩን ፎጣ ገለጠ። እውነት እላችኋለሁ፣ አውሮፕላን ነበር። ከአንድ ክንድ ያነሰ፣ አፍንጫው ላይ ፕሮፔለር ያለው፣ ባለ ሁለት መቀመጫ የድሮ የጦር አውሮፕላን። ገላው የጀሪካን ፕላስቲክ ነው፣ ክንፉ ሥር ያሉት ቱቦዎች ስሪንጅ ናቸው፣ አረንጓዴው የኛው ጥፍር ቀለም። ትንሹ ሰውዬ አብራሪው ሆኖ መስታወቱ ሥር ተቀምጧል። የብርቄ ፀጉር ከመቀመጫው ጀርባ እስከ ጭራው ተወጥሯል፤ የሬዲዮው ሽቦ ነው።

«ሽቦ ለዚህ ልክ ወፍራም ነው እትዬ፣» አለ። ማዘር ማለቱን ብርቄ አስትታው ነበር። «ከፀጉር የቀጠነ አጣሁ።»

እናቴ ዙሪያውን ዞረችው፣ ጎንበስ ብላ ሆዱን አየች። «የሰላም አውሮፕላን የለም? ለምን የጦር?»

«አባቴ የዚህ መካኒክ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ከዚህ ሥር ተኝቶ ነው ያሳደገን። ሽማግሌ ሆኖ ሲመጣ ላስደንቀው ነው።»

«እህ፣» አለች እናቴና አከራይቱን ልትመረምር ወደ ጓሮ ሄደች። «ኧረ ደህና ልጅ ነው» ሲሏት ይሰማኛል። «ደህናነቱ ነው እኮ ያሳሰበኝ» ትላለች እሷ።

ሄኖክ ያኔ ነው ለኔ ሥራውን ያሳየኝ። አውሮፕላኑ ተቀብቶ ካለቀ በኋላ ዋናው ሥራ ይጀምራል፤ ማቆሸሽ። ከሰል ይወቅጥና በዓይን ኩል ብሩሽ ከጭስ ማውጫው፣ አባዬ ማርሚታ ከሚለው ነገር፣ ጀምሮ ጥላሸት ያለብሰዋል። ቀለሙ አብራሪው የሚረግጥበት ቦታ ላይ ይፋቃል። ሆዱ ላይ የዘይት ጠብታ ይሠራለታል። ሳያውቅ የሠራው አንድም ነጠብጣብ የለም፤ አባቱን በስልክ፣ እንደ ወሬ አስመስሎ፣ «ዘይቱ በየት በኩል ነበር የሚያስቸግርህ?» እያለ ጠይቆ ነው። «ንጹሕ ከሆነ መጫወቻ ነው፣» አለኝ። «የሚያበረው ቆሻሻው ነው።» ክረምቱን ሙሉ እንዲህ ሲያቆሽሸው ነው የከረመው። እናቴ ይህን ስላልሰማች ነው ኋላ ጉዱ የፈላው።

ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ ብርቄ «አሁንስ?» ብላ ጠየቀቻት።

«አሁንማ ሰይጣን አለመሆኑን አየሁ። ቁጣውን ግን አላየሁም። ቁጣውን ያላየሁትን ሰው አላምንም። ያስቆጡት ቀን ነው ሰው የሚታወቀው፤ ቁጣ ደግሞ ከአባት ነው የሚወረሰው። ሽማግሌዎቹ ይምጡ፣ አያቸዋለሁ። የልጁ አባት ራሱ ሽማግሌ ሆኖ የሚመጣውስ ሌላ ሰው ጠፍቶ ነው?»

የሽምግልናው ቀን እሑድ ሆነ። አባቱ ከቢሾፍቱ ሲመጡ እሱ ጋ ስለሚያድሩ ሄኖክ አውሮፕላኑን ቅዳሜ ጠዋት በካርቶን አድርጎ ቤታችን አመጣው፤ ቡፌው ላይ አስቀምጡልኝ፣ አባቴ እዚያ ይየው አለ። ብርቄ ፀጉሯን ልትሠራ ሄደች፣ እኔ ገበያ ተላክሁ። ለዳጣ የሚሆን በርበሬና የሽፈራው ቅጠል ገዝቼ ስመለስ እናቴ በደስታ ጠራችኝ።

«ቃልዬ፣ ነይ እዪልኝ! እንዲያ አድፎ ለእንግዳ ሊታይ ነበር እኮ!»

አውሮፕላኑ ጓሮ፣ የኦሞ አረፋ የሞላበት ሳፋ አጠገብ፣ ንጹሕ ፎጣ ላይ ያብለጨልጫል። በአሮጌ ጥርስ ብሩሽ ፈትጋዋለች። ጥላሸቱ የለም። ዘይቱ የለም። ሽቦ የሆነው ፀጉርም ተበጥሷል። ቡፌ ላይ የሚቀመጥ አዲስ የተገዛ መጫወቻ መስሏል!

«እማዬ፣» አልኳት፣ «ቆሻሻው እኮ ነው ሥራው።»

«ምን?»

ሁሉንም ነገርኳት። ከሰሉን፣ ኩሉን፣ ስልኩን፣ ክረምቱን። እናቴ የሳፋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች፤ ሁልጊዜ ሰው ስትጠረጥር የኖረችው ሴትዮ መሬት መሬት ታያለች። «ለአክብሮት ነው እኮ ያጠብኩት፣» አለች። «የብርቄን ነገር በእጄ አበላሸሁት።» ደውለን እንንገረው ብላት እንቢ አለች፤ የሰውን ልጅ በሽምግልናው ዋዜማ አላስለቅስም አለች። ብድግ አለችና «ጥላሸት አምጪ» አለችኝ። ዕድሜዋን ሙሉ ቆሻሻ ስታሳድድ የኖረች እናቴ ያን ቀን ቆሻሻ ፍለጋ ቤቱን ዞረች። ከድስት ቂጥ ፋቅን። አባዬ ሌሊቱን ከአዲስ አበባ ገብቶ ተኝቶ ነበር፤ ከአይሱዙው ሥር የተቃጠለ ዘይት በማንኪያ ቀዳን። ጥላሸቱ ግን ከማርሚታው ወደ የት እንደሚሄድ ሁለታችንም አናውቅም። እኔ አፍንጫው አካባቢ ጥቁር እንደነበር ብቻ አስታውሳለሁ። «ከአፍንጫ የሚወጣ ነገር ወደ ፊት ነው የሚወጣው፤ እስትንፋስ አይደለም እንዴ?» አለች እናቴ። ልክ መሰለኝ። ከማርሚታው ወደ ፊት፣ እስከ ፕሮፔለሩ ጫፍ ድረስ አለበስነው።

ፀጉሩ ቀረ። እኔ ከራሴ ላይ ልነቅል ስል እጄን መታ አደረገችኝ። «ያንቺ አይሆንም!» ሻሿን ፈታች፣ በስመ አብ አለች፣ ከራሷ አንድ ረጅም ነቅላ ሰጠችኝ። የብርቄን ያህል ጥቁር አልነበረም።

እሑድ ጠዋት ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። ብርቄ ጓዳ ገብታ እጄን ይዛ በመጋረጃው ቀዳዳ ታያለች። አውሮፕላኑን ጠዋት ገና ስታየው ገብቷታል፤ እናቴን ግን አንዲት ቃል አልተናገረቻትም። አባዬ ሶፋው ላይ ተቀምጧል፣ ግን የሚናገረው የእናቴን ፊት እያየ ነው። ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ በሩ አጠገብ በመደዳ ቆሙ። መሃል ላይ ያሉት አጠር ያሉ፣ ኮፍያቸውን በእጃቸው የያዙ ሽማግሌ የሄኖክ አባት ጋሽ ደምሴ ናቸው። አባዬ «ምን እግር ጣላችሁ?» አለ። አንደኛው ሽማግሌ ከዘራቸውን አስተካክለው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ እኛ የመጣነው…» ብለው ገና ሲጀምሩ ጋሽ ደምሴ ከሰልፉ ወጡ።

ቀጥ ብለው ወደ ቡፌው ሄዱ። መነጽራቸውን ከደረት ኪሳቸው አወጡ፣ አጎነበሱ። ጣታቸውን አውሮፕላኑን ሳያስነኩ በጎኑ በአየር ላይ አስኬዱት።

«ይሄን የሠራው ልጄ ነው፣» አሉ ድምፃቸው እየሻከረ። ቀጥለው ግን ግንባራቸውን ቋጠሩ። «ጭሱን ግን እሱ አልሠራውም። ማን ነው ይሄን አውሮፕላን የኋሊት ያበረረው?»

ብርቄ እጄን ጨመቀችው። እናቴ ከወንበሯ ተነሳች። መካድ ትችል ነበር፤ ልጅ ነካካው ብትል ማን ያውቅባታል? እሷ ግን ዓይናቸውን እያየች፣ እንደ ሁልጊዜው እየመረመረች፣ «እኔ ነኝ፣» አለች። «ልጅዎ ክረምቱን ሙሉ የለፋበትን ጥላሸት ቆሻሻ መስሎኝ አጠብኩት። መልሼ ልቀባው ብል ይሄው እንደዚህ ሆነ።» ከዚያ ጠበቀች። ምን እንደምትጠብቅ እኔና ብርቄ ብቻ ነን የምናውቀው። የጋሽ ደምሴ ፊት ቀላ፣ ከንፈራቸው ተንቀጠቀጠ፣ መጣ ቁጣው አልኩ በልቤ።

ሳቅ ነበር። ኮፍያቸው ከእጃቸው እስኪወድቅ ሳቁ።

«እመቤቴ፣» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ «እኔ ሠላሳ ዓመት ደሞዝ ስበላ የኖርኩት ያንን ጥላሸት አጥቤ ነው። በነዳጅ ብትለው፣ በሳሙና ብትለው፣ ማታ ንጹሕ አድርጌው ጠዋት ጠቁሮ ይመጣል። ይሄ ልጅ ደግሞ ቁጭ ብሎ መልሶ ቀባው! እርስዎ የኔን ሥራ ነው የሠሩት።»

እናቴ ቆማ አየቻቸው። ለረጅም ጊዜ አየቻቸው፣ ፀሐይ ላይ እንዳነሳችው ዕንቁላል። ከዚያ ነጠላዋን ከትከሻዋ አስተካክላ «ቁጭ በሉ» አለች።

ማንም አልተቀመጠም። ሽማግሌ ጉዳዩ ካልተፈጸመለት አይቀመጥም፤ ቁጭ በሉ ከተባለ ደግሞ ነገሩ አለቀ ማለት ነው። እነዚህ ግን ገና አልጠየቁም። ሦስቴ ሊመለሱ፣ ሦስቴ ደጅ ሊጠኑ ተዘጋጅተው ነበር የመጡት። ባለ ከዘራው ሽማግሌ አባዬን አዩ፣ እናቴን አዩ፣ የጓዳውን መጋረጃ አዩ። ከዚያ ከጎናቸው ወደ ቆሙት ሽማግሌ ጆሮ ጎንበስ አሉና፣ በሹክሹክታ መስሏቸው ቤቱ ሁሉ እየሰማ፣ «እንዲህ ገና ሳንጠይቅ የሚሰጡን፣ ልጅቷ ምን ቢኖርባት ነው?» አሉ።